ብስክሌት ያልነዳ ሰው ስለ ብስክሌት ሲጠየቅ

(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ በዚህ ሰዓት ላወያያችሁ ያሰብሁት ጕዳይ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፥ ነገር ግን ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችን ከተመኙት የትምህርት ዕድል ደጃፍ የመለሰ ነገር ነው። ይኸውም የእንግሊዝኛ ቋንቋ የንግግር ፈተና ነው። ስለ ፈተናው በጠቅላላው ለመናገር ጊዜው ስለማይበቃ፥ አንዲት ጥያቄ ብቻ መርጬ በርስዋ ላይ እቆማለሁ። ጥያቄዪቱም «ብስክሌት ትነዳለህን?» የምትለዋ ናት።

ከናንተ መካከል «እንዲህ ያለውን ተራ ጥያቄ ለመመለስ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አሳቤን የለወጠው ከአምደወርቅ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ወደ እርሱ ታሪክ ከመግባቴ በፊት ግን የፈተናውን ሁኔታ ባጭሩ ልግለጽ።

በውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት ለመማር የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሚጠየቁት የቋንቋ ማስረጃ አንዱ አይልትስ የተባለው ፈተና ነው። ይህ ፈተና በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1989 ጀምሮ በዚህ ስም የሚታወቅ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት ይሰጣል። ማዳመጥ፥ ማንበብ፥ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። የመናገሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል፤ ተፈታኙ ከአንድ ፈታኝ ጋራ ይነጋገራል፤ ንግግሩም ይቀረጻል። በመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ደቂቃዎች ፈታኙ ስለ ቤት፥ ስለ ሥራ፥ ስለ ትምህርትና ይህን ስለ መሰለው የዘወትር ኑሮ ይጠይቃል። ቀጥሎ ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣል፤ ተፈታኙም 1 ደቂቃ ካሰበ በኋላ እስከ 2 ደቂቃ ድረስ ብቻውን ይናገራል። በመጨረሻም ከዚያው ርእስ ጋራ የተያያዘ ሰፋ ያለ ውይይት ለ4 ወይም ለ5 ደቂቃ ይደረጋል። ስለ ብስክሌት የመሰለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ።

አምደወርቅ በዋግ ኽምራ የምትገኝ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። ዋግን ያየ ሰው እንደሚያውቀው አገሩ ተራራና ገደል፥ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በዚያ ምድር የሚወለድ ሕፃን ኽምጣኛ ወይም አማርኛ፥ አንዳንዱም ሁለቱንም እየሰማ ያድጋል፤ እንግሊዝኛን ግን የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ነው። ሸክሙን አህያ ትሸከማለች፤ በቅሎ ያለው በበቅሎው ይሄዳል፤ ሌላው በእግሩ ዳገቱን ይወጣል። ይህ ወጣትም እንዲሁ በእግሩ እየተመላለሰ ተምሮ፥ ከፍተኛ ትምህርቱን ጨርሶ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በትጋት ያገለግል ነበር። ከጊዜ በኋላ በውጭ አገር ለመማር የሚያስችል ዕድል አገኘ። የቀረው የእንግሊዝኛው ፈተና ብቻ ነበር።

ወጣቱ አዲስ አበባ እንደ ደረሰ ተዘጋጅተው የተጻፉ ጥያቄና መልሶች ከአንድ አስጠኚ ገዛ። ከዚያም ቀንና ሌሊት እንደ ዳዊት ደገማቸው። በፈተናው ቀን ፈታኙ «ብስክሌት ትነዳለህን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ደስ አለው፤ ይህች ጥያቄ ከሸመደዳቸው መካከል ነበረችና። «አዎን፥ ለጤና ጠቃሚ ስለሆነ እሑድ እሑድ በቤቴ አጠገብ በሚገኘው መናፈሻ ብስክሌት እነዳለሁ» ብሎ ሳይደናቀፍ መለሰ። ፈታኙም «መልካም፤ መናፈሻው ምን ይመስላል? መንዳት ያስተማረህስ ማን ነው?» አሉት። ይህ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ወጣቱ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም፤ መናፈሻውንም ከወረቀቱ በቀር በየትም አላየውም። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ልቡ ስለ ተሰበረ የሚያውቀውን እንኳ ለመመለስ አልቻለም።

በዚህ ፈተና አለፈ ወይም ወደቀ የሚባል ነገር የለም፤ እስከ 9 በሚደርስ መመዘኛ ውጤት ይሰጣል፤ ይበቃል ወይም አይበቃም የሚለውን የሚወስነው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የእርሱ ውጤት አልበቃም። የፈተናውም ክፍያ ለአንድ የወረዳ ሠራተኛ ቀላል አይደለምና፥ የተሰማው ኀዘን ብርቱ ነበር።

በአንድ ዘመድ አማካይነት ወደ እኔ ዘንድ መጣና «ጋሼ፥ በአገራችን ብስክሌት ባለመኖሩ እኔ ተጎዳሁ» አለኝ። እኔም «ወንድሜ፥ የጎዳህስ ያልነበረህ ብስክሌት ሳይሆን አለኝ ያልኸው ብስክሌት ነው» አልሁት።

አድማጮች ሆይ፤ እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ ያልገፋሁ ሰው ነኝ፤ የቋንቋ ሊቅ ነኝ ብዬም አልመጻደቅም። ነገር ግን ሥራዬ በማይክሮፎን ፊት መናገር ስለሆነ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ይኸውም የሸመደዱት ቃልና ከልብ የሚነገር ቃል ድምፃቸው የተለያየ መሆኑ ነው። የሸመደደ ሰው ድምፁ አይወጣም አይወርድም፤ ለማሰብ በሚገባው ቦታ ሳያርፍ ይሮጣል፤ አንዲት ቃል ስትጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል። ይህን እናንተ በቤታችሁ ሆናችሁ ከራዲዮው ትለያላችሁ። ይህንኑ ለመለየት የሠለጠነ ፈታኝማ እንዴት ይስተው?

ከዚህ በኋላ ፈታኙ የሚመዝነው ምን እንደሆነ ለወጣቱ አስረዳሁት። መመዘኛዎቹ አራት ናቸው። አንደኛው ሳይቋረጡና አሳብን እያያያዙ መናገር ነው። ሁለተኛው የቃላት ሀብት ነው። ሦስተኛው የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው። አራተኛው የቃላት አነባበብ ነው። አራቱም እኩል ዋጋ አላቸው። ከነዚህ ውስጥ «ተፈታኙ ብስክሌት አለውን?» የሚል ይገኛልን? አይገኝም። «ከሠለጠነ ከተማ መጥቷልን?» የሚልስ ይገኛልን? እርሱም አይገኝም። እርግጥ ነው፥ ፈታኙ የተናገርነው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ምስክር አይጠራም። ይሁን እንጂ እውነት የተናገረ ሰው ተከታዩ ጥያቄ አያስደነግጠውም። ስላየው ነገር ሲጠይቁት ያየውን ይነግራል፤ ስላላየው ሲጠይቁት ግን መጀመሪያ መፍጠር፥ ቀጥሎም የፈጠረውን መተርጐም አለበት። በባዕድ ቋንቋ ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ መሥራት ከባድ ነው።

«እንግዲያው አሁን በአማርኛ ስለ ብስክሌት የምታውቀውን እውነት ንገረኝ» አልሁት። ጥቂት አሰበና ሣቀ። ልጅ ሳለ አንድ ነጋዴ ብስክሌት በመኪና አስጭኖ ማምጣቱን፥ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ተከትለው መሮጣቸውን ነገረኝ። ሰውዬው ዳገቱ ላይ ሲደርስ መንዳት አቃተውና ወርዶ እየገፋ ይወጣ ጀመር። ከመንገዱ ዳር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ይህን አይተው፥ «ልጄ፥ እርሱ ነው የሚሸከምህ ወይስ አንተ ነህ የምትሸከመው?» አሉት። ወጣቱ ይህን ሲተርክ እጁ ይንቀሳቀስ፥ ፊቱም ይፈካ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳያቋርጥ ተናገረ። «መልስህ ይህ ነው፤ የቀረህ በእንግሊዝኛ ማለት ብቻ ነው» አልሁት።

አብረን ስንለማመድ ያየናቸውን ነገሮች ለናንተም ይጠቅሙ እንደሆነ በተራ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የመልስ አቀራረብ ነው። በእኛ ባህል ጨዋ ሰው ነገሩን ከማንሣቱ በፊት ዙሪያውን ያበጃል፤ በአማርኛችንም ምክንያቱ ቀድሞ ማሰሪያው ግሥ በመጨረሻ ይመጣል። «አገሬ ዳገት ስለሆነ፥ መንገዱም ስለማይመች፥ ብስክሌት አልነዳም» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ግሡን አስቀድሞ ይፈልጋል። «አልነዳም» የሚለው ይቀድማል፤ ምክንያቱ ይከተላል። እንደ አማርኛው ምክንያቱን ለማስቀደም የሚሞክር ሰው አረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ይታሠርበታል። ስለዚህ መልሱን በመጀመሪያ፥ ምክንያቱን ቀጥሎ፥ ምሳሌውን በመጨረሻ ማለት ይበጃል።

ሁለተኛው የቃል አመራረጥ ነው። እኛ መኪናም ብስክሌትም «መንዳት» እንላለን። እንግሊዞች ግን መኪናን «ድራይቭ» ሲሉ ብስክሌትን «ራይድ» ይላሉ። ይህም ለፈረስና ለበቅሎ የሚሉት ቃል ነው። ከኛ አገር ሰው የሚሰማው አንዱ ስሕተት ብስክሌትን «ድራይቭ» ማለት ነው። የብስክሌቱም መቀመጫ በእንግሊዝኛ «ሳድል» ይባላል፤ የፈረሱም ኮርቻ «ሳድል» ነው። ወጣቱ ይህን ሲሰማ እጅግ ተደነቀ። ብስክሌት የለንም ብሎ ያፈረው የበቅሎ አገር ልጅ፥ ለካ ከቃላቱ ገሚሱን በበቅሎ ያውቀው ኖሮአል። ፍሬኑን፥ ካቴናውን፥ ፔዳሉን በየስማቸው ማወቅ መልካም ነው፤ ግን ቃል ለማሳየት ብሎ መደርደር አያስፈልግም።

ሦስተኛው አነባበብ ነው። እኛ «ብስክሌት» የምንለውን ቃል እንግሊዞች «ባይሲክል» ይሉታል፤ ድምፁም በመጀመሪያው ፊደል ላይ ይጠብቃል። «ሳይክል» የሚለውን ሌላ ቃል የሚያውቁ ሰዎች ይህንንም «ባይሳይክል» ይሉታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ደግሞም በ«ስ» ተጀምሮ ሌላ ተናባቢ የሚከተለውን ቃል ስንናገር «እ» መጨመር ልማዳችን ነው። «ስትሪት» በማለት ፈንታ «እስትሪት»፥ «ስኩል» በማለት ፈንታ «እስኩል» እንላለን። ይህን ለማረም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይበቃል።

አራተኛው የመልስ ልክ ነው። በመጀመሪያው ክፍል «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ዝም ማለት አይጠቅምም፤ ስብከት ማድረግም አይገባም። ከሁለት እስከ አራት አረፍተ ነገር ይበቃል። ጥያቄው ካልተሰማ «እባክዎን ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ወጣቱ ከጥቂት ሳምንት ልምምድ በኋላ ያቀረበው መልስ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነበር።

«አይ፥ ብስክሌት አልነዳም፤ ያደግሁበት አገር ዳገት ስለሚበዛበት ብዙ አይታይም። በልጅነቴ አንድ ሰው ብስክሌቱን ዳገት ለዳገት ሲገፋ አየሁ። አንዲት አሮጊትም ማን ማንን እንደሚሸከም ጠየቁት። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ግን መማር በወደድሁ ነበር።»

ልብ በሉ፤ በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የአሁን ጊዜ አለ፤ ምክንያት አለ፤ ያለፈ ጊዜ አለ፤ በመጨረሻም «ቢሆን ኖሮ» የሚለው የምኞት አነጋገር አለ። ሰዋስውን ለማሳየት ተብሎ ያልተጻፈ ታሪክ ሰዋስውን ሁሉ ይዞ ተገኘ። ነገር ግን አደራ፥ ይህንኑ መልስ ደግሞ እናንተ እንዳትሸመድዱት። አሮጊቷ የእርሱ አገር ሰው ናቸው፤ እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ።

በሦስተኛው ክፍል ጥያቄው ከሰው ወደ አገር ይሰፋል። «መንግሥት ለብስክሌት መንገድ ሊሠራ ይገባዋልን? በአገርህስ የብስክሌት ነገር እንዴት ነው?» ይባላል። እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሚናገረው ነገር ሊያጣ አይገባውም። በጣና ዳር በሜዳ ላይ የተቈረቈረችው ባሕር ዳር በብስክሌተኞቿ የታወቀች ናት። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ዳገታማ ከተማ ስትሆን፥ በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ጐዳናዎቿ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከተላኩት መካከል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። ይህም አበበ ቢቂላ በሮም ከማሸነፉ ከ1952 ዓ.ም. በፊት መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከዓለምም ለማንሣት ለሚወድ ምሳሌ ሞልቷል። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ያሳየው ባለ ሁለት እግር መሣሪያ ፔዳል አልነበረውም፤ ተቀማጩ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄድበት ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት፥ ሁለቱ እግሮቹ የሚተካከሉትንና በካቴና የሚሽከረከረውን ብስክሌት እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 አውጥቶ ለሽያጭ አበቃው። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ አስመዘገበ። የሆላንድ ምድር ሜዳ ነውና፥ በዚያ የብስክሌቱ ቍጥር ከሕዝቡ ቍጥር ይበልጣል። እንግዲህ «ሆላንድ ሜዳ ነው፤ ዋግ ተራራ ነው፤ መንገድ ሲሠራ የመሬቱን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል» ብሎ የሚናገር ተፈታኝ ከተሸመደደው መናፈሻ ይልቅ የሚደመጥ ነገር ተናግሯል።

አሁን የታሪኩን ፍጻሜ ልንገራችሁ። ወጣቱ ገንዘብ አጠራቅሞ ለሁለተኛ ጊዜ ለፈተና ቀረበ። እኔም ስለ ብስክሌት ይጠየቃል ብዬ በጉጉት እጠብቅ ነበር። ሆኖም ስለ ብስክሌት አንዳችም አልተጠየቀ። የተጠየቀው ስለ ጀልባ ነበር።

«ጀልባ! እንግዲህ አበቃ ብዬ ላስብ ነበር፤ ያችን አሮጊት ባስታወስሁ ጊዜ ግን ተረጋጋሁ» ብሎ ነገረኝ። «በጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎም የአገሩ ሰው ተከዜን በበጋ በእግሩ እንደሚሻገር፥ በክረምት ሲሞላ ግን ውሃው እስኪጎድል ወዲህ ማዶ ሆኖ እንደሚጠብቅ፥ ማዶ ለማዶም በጩኸት እንደሚነጋገር ተናገረ። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከተሠራ ወዲህ በገደሉ መካከል ሐይቅ መፈጠሩንም ጨመረ። ፈታኙ «በጩኸት የሚነጋገሩት ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «ስለ ጤና፥ ስለ ከብት፥ ስለ ሠርግ» አላቸው። በዚህ ጊዜ መልስ የጠፋው ሰው አልነበረም። ውጤቱም ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገውን ያህል ሆኖ ተገኘ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ወጣቱን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን ለፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ብዙዎቹ የሚፈሩት ሰዋስውን ሳይሆን የራሳቸውን ኑሮ ነው። «የለንም» ማለት ውርደት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ያልኖሩትን ኑሮ ከወረቀት ይዋሳሉ። የተዋሱት ልብስ ግን የትከሻን ልክ አያውቅም። «የለኝም» የምትል ቃል ለምን እንደሌለ፥ በምትኩ ምን እንዳለ ከተከተለባት ሙሉ መልስ ናት።

የሚያስጠኑ ሰዎችንም አንድ ነገር ልለምን። የተዘጋጀ መልስ መሸጥ ቀላል ነው፤ ገንዘቡም ቶሎ ይገኛል። ነገር ግን ተማሪው ባንድ ጥያቄ ዝም ባለ ጊዜ የሚመለሰው ወደ ወረዳው ነው፤ ዕዳውንም ይዞ ነው። ለተማሪው መልስ ከመስጠት አስቀድሞ «አንተስ ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻም፥ ለፈተና የምትዘጋጁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከቤተ ሰባችሁ ጋራ ስትቀመጡ ይህን ሞክሩ። አንዱ ስለ ብስክሌት ይጠይቅ፤ ሌላው ከእውነተኛ ኑሮው በመጀመሪያ በአማርኛ፥ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይመልስ። ልጆቻችሁ ቢስቁም አትዘኑ፤ ነገራችሁን ሰምተዋልና።